ሪህ የያዘው ሰው ቢራውን ትቶ አረቄ ቢጠጣ ያዋጣዋል ወይ?

የጦሳው ሹፌር (ጥር 24)

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ደሴ ነኝ፣ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ዕድሜዬ 43። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ኩታበር የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። በሬ ተጥሏል። ዱለቱ፣ ጥሬው፣ ጠላው በእንስራ፣ ማታ ደሞ ቢራው በሳጥን መጣ። ስንት እንደጠጣሁ አልቆጠርኩም፣ የቆጠረም የለም። በሰላም ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የግራ እግሬ አውራ ጣት ቀሰቀሰኝ። ሰው በመዶሻ የሚቀጠቅጠኝ ነው የመሰለኝ። መብራት አብርቼ ሳየው በርበሬ መስሏል፣ አብጦ ያብለጨልጫል፣ ይፋጃል። ጋቢው ሲነካኝ ጮህኩ። ጋቢ እኮ ነው የምላችሁ! ሚስቴ እባብ የነደፈኝ መስሏት አልጋው ሥር በባትሪ ስትፈልግ ነበር።

ሰኞ ወደ ባቲ ጭነት ነበረኝ። ጋቢና ገብቼ ፍሪሲዮን ልረግጥ ስል እንባዬ ዱብ አለ። ረዳቴ እየሳቀ አወረደኝ፣ ያንን ሳቁን መቼም አልረሳለትም።

ይሄ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ አንድ ክሊኒክ «ብርድ ነው» ብለው መርፌ ወግተው ሸኙኝ። ሁለተኛው ጊዜ እኔው ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ። አሁን ደም ሰጥቼ ዩሪክ አሲድህ 9.4 ነው፣ ሪህ ነው፣ መጠጥ ተው ተባልኩ። ከዛ ወዲህ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ ቢራውን ብቻ ተው፣ አረቄ ችግር የለበትም ይለኛል። ሌላው ጠጅ ጠጣ፣ ማር መድኃኒት ነው ይለኛል። አማቴ ደሞ ሽሮ ከልክላኛለች። ጥያቄዬ አጭር ናት። ወደ አረቄ ብዞር ያዋጣኛል ወይስ ጠቅልዬ ልሰናበት?

ካቲካላ በልኩ (ጥር 24)

ተው ባክህ አያ ሹፌር። ወረኢሉ ያለው አጎቴ 40 ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ ሳይል ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ዛሬም ዳገቱን ከኔ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ሪህ የሚባል አያውቅም። ይሄ ሁሉ የቢራ ጣጣ ነው፣ አረቄ ንጹሕ ነው።

የቃሉ ነርስ (ጥር 25)

እግዜር ይማርህ ሹፌሩ። ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀውን ነው የጠየቅከው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ሪህ ነው የሚባለው። ቁርጥማቱም ሪህ፣ በዕድሜ ያለቀ ጉልበትም ሪህ። አንተን የያዘህ ሐኪሞቹ ጋውት የሚሉት ነው። ዩሪክ አሲድ፣ በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ፣ ደም ውስጥ ይበዛና መሟሟት ያቅተዋል፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ሥሩ እንደሚዘቅጠው በለው። በላብራቶሪ ቁጥር ከ6.8 ሲያልፍ ነው መዝቀጥ የሚጀምረው። መርፌ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሰውነት ያንን ክሪስታል እንደ ጠላት ያየውና ጦርነት ይከፍታል፣ ያ ነው ሌሊት 8 ሰዓት ያየኸው። አውራ ጣትን የሚወድበት አንዱ ምክንያት እግር ጫፍ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፣ በቅዝቃዜ ቶሎ ይረጋል። ስለዚህ «ብርድ ነው» ያሉህ ሰዎች ጭራሽ ዋሹ አይባልም፣ የደሴን ብርድ ማን ይክዳል፣ ግን 9.4 ያደረገህ ብርዱ አይደለም።

አሁን ወደ መጠጡ። አልኮሉ ራሱ ጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። በዛው ላይ ላክቲክ አሲድ ይወጣል፣ ይሄኛው ኩላሊትን ያሳስተዋል፣ በሽንት ሊወጣ የነበረውን ዩሪክ አሲድ መልሶ ወደ ደም ይስበዋል። ሽንት ስለሚያመላልስህም ሰውነትህ ይደርቃል፣ ደምህ ውስጥ ያለው ይወፍራል። ይሄ ለቢራም ለአረቄም ለጠጅም ያው ነው። ቢራ በዚህ ላይ የራሱ ትርፍ ጣጣ አለው፣ ከእርሾው የሚመጣ ፒዩሪን የሚባል ነገር፣ እሱም ሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ ነው የሚሆነው።

አሜሪካ ውስጥ 47 ሺህ ያህል ወንዶችን 12 ዓመት ተከታትለው በፈረንጆቹ 2004 ያወጡት ጥናት አለ። በቀን አንድ ቢራ በተጨመረ ቁጥር ጋውት የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ያህል ይጨምራል፣ በአንድ መለኪያ ጠንካራ መጠጥ ደሞ 15 በመቶ ያህል። ወይን ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር አላገኙም። «ቢራ ተው፣ ሌላው ችግር የለውም» የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ግን ያ ጥናት ያየው ገና ያልታመሙትን ነው። በፈረንጆቹ 2014 ደሞ አስቀድሞ ጋውት ያለባቸውን 724 ሰዎች አዩ። እዛ ላይ ወይኑም ቢራውም ጠንካራውም ሁሉም ሕመሙን ቀስቅሷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት መጠጥ የወሰዱት ላይ እንኳ 36 በመቶ ጭማሪ ታይቷል። አንተ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነህ። አረቄው አያዋጣህም ወንድሜ።

እቴቴ ጠላ (ጥር 25)

እኔ ሰኞ ገበያ ጠላ ጠምቄ አራት ልጅ አስተምሬያለሁ። ጠላ እህል ነው፣ ገብስ፣ ብቅል፣ ጌሾ፣ ሌላ ምን አለው? የፋብሪካውን ቢራና የኔን ጠላ አንድ ላይ አትፍጩብኝ። ሹፌሩ ልጄ፣ ሠርጉ ላይ የጎዳህ ሳጥኑ ነው እንጂ እንስራው አይደለም።

የቃሉ ነርስ (ጥር 25)

እቴቴ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፣ እናቴም ጠማቂ ናት። ግን ቢራ ከምን ይሠራል? ከገብስ ብቅልና ከእርሾ። ጠላም ከብቅልና ከእርሾ፣ ልዩነቱ ጌሾው ነው። ጉሹን ጠላ ደሞ ያውቁታል፣ እርሾው ከነአተላው ነው ብርጭቆ ውስጥ የሚወርደው። ፋብሪካው ቢያንስ ያጣራዋል። አረቄው ሲወጣ ፒዩሪኑ ድፍድፉ ውስጥ ይቀራል፣ ግን የአልኮሉ ብዛት ያካክሰዋል። ጠጁም ማሩ ራሱ ፍሩክቶስ አለው፣ ፍሩክቶስ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። መሸሻ የለም እንግዲህ።

እቴቴ ጠላ (ጥር 25)

እሺ ልጄ። ግን አልወደድኩትም።

ባቲ ላይ ያለች (ጥር 26)

ሁላችሁም መጠጥ መጠጥ ትላላችሁ። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ወላሂ በሕይወቱ አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፣ ሰላቱን አያዛንፍም። ሪህ አለበት። ባለፈው ዓመት አረፋን ባከበርን በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ አብጦ አንድ ሆስፒታል ወሰድነው። ስሙን አልጠራም። የተቀበለን ልጅ ውጤቱን አይቶ ቀና ሳይል «በቀን ስንት ይጠጣሉ?» አለው። እኔ፣ እናቴና ሌሎች በሽተኞች ባሉበት። አባቴ ኩፍ አለ። እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዛ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ስድስት ወር ሙሉ ሐኪም ቤት አልሄድም አለ፣ በዱአና በማስታገሻ ኖረ።

በኋላ ሌላ ቦታ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም አገኘን። የሚውጠውን መድኃኒት በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስደረደረው። ለደም ግፊት የሚወስደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ያቺ ሽንት የምታበዛው ኪኒን፣ ዩሪክ አሲድ ታስቀራለች አለን። ኩላሊቱም ደከም ብሏል። ደሞ «ምን ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቀ፣ አባቴ ሊቆጣ ሲል ሳቅ ብሎ «ለስላሳ ማለቴ ነው» አለ። ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው፣ በቀን ሦስት ጠርሙስ! የግፊቱን መድኃኒት ቀየረለት፣ ለስላሳውን አስተወው። መጠጥ ሪህን አያባብስም አላልኩም። ግን ሪህ ያለበትን ሁሉ ሰካራም አታድርጉት።

ላብራቶሪ ወልዲያ (ጥር 26)

እህቴ አባትሽን አላህ ያሽረው፣ የተናገርሽው ሁሉ ልክ ነው። በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ የሚጠጡ ወንዶች ላይ የጋውት ዕድል በ85 በመቶ ከፍ ብሎ የታየበት ትልቅ ጥናት አለ። ያ ማለት ከቢራ ሸሽቶ ወደ ለስላሳ መሄድ ከጅብ ሸሽቶ ነብር ዋሻ መግባት ነው። የቲቢ መድኃኒት ከሚባሉት አንዷ ፒራዚናማይድም ዩሪክ አሲድ ከፍ ታደርጋለች፣ ቲቢ ታክሞ መገጣጠሚያውን ያመመው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፣ መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቁም።

ለካቲካላ በልኩ፦ አጎትህ ዕድለኛ ናቸው። ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ጋውት አይይዘውም፣ አብዛኛው አይይዘውም። ዘር አለው፣ ኩላሊት አለው። አንድ ሰው ገደል ዳር ሲሄድ ኖሮ ስላልወደቀ ገደሉ የለም አይባልም።

ሌላ ነገር፣ ከሥራዬ ብዙ የማየው። ሕመሙ በተነሳበት ቀን መጥተው ዩሪክ አሲድ ይለካሉ፣ 6 ይሆናል፣ «ሪህ የለብህም» ተብለው ይመለሳሉ። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። ከጠፋ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። እርግጠኛው ምርመራ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ክሪስታሉን ማየት ነው፣ ያ ግን በየቦታው አይገኝም።

ሐይቅ ዳር (ጥር 27)

እኔስ ወጌሻ ጋ ሄጄ ነው ጉዴ የፈላው። ወለምታ ነው ብሎ ቅቤ ቀብቶ ያሽልኝ ጀመር። ሦስት ሰው ይዞኝ ነበር። የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ ብጽፈው ያባርሩኛል። በማግስቱ እግሬ የሰው እግር አይመስልም ነበር። ወጌሻ ለወለምታ ይሂድ፣ ጣት ቀልቶ የሚፋጅ ከሆነ ግን አታስነኩ። ፍልውሃ መንከርም እንደዛው፣ ሙቀቱ ለጊዜው ያባብስብኛል። እኔን የሚያሳርፈኝ በረዶ ነው፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ለሃያ ደቂቃ። ዓሣ አጥማጅ ሰፈር በረዶ አይጠፋም መቼም።

የጦሳው ሹፌር (ጥር 27)

ባቲ ላይ ያለሽው እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለሚስቴ አነበብኩላት።

ነርሷ፣ ገባኝ። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ችግሩ ሠርግ ብቻ አይደለም። እኔ ሚሌ ድረስ ነው የምወርደው። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ላብ በላብ ነው። ውሃ ብዙ አልጠጣም፣ ለምን ቢሉ በየመንገዱ መቆም ስለማልወድ። ከሰዓት ጫት አለ፣ ከጫቱ ጋር ለስላሳ። ማታ ስንደርስ ደሞ ጨብሲ፣ ሁለት ሦስት ቀዝቃዛ ቢራ። ይሄን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ላለፉት አሥር ዓመታት። አሁን ሳስበው በእጄ ነው ጣቴን ያሳመምኩት።

ሽሮውስ ግን? አማቴ ምስርም ልትከለክለኝ ነው። በጾም ምን ልበላ ነው?

የቃሉ ነርስ (ጥር 28)

አማትህን በአክብሮት ንገራቸው፣ ሽሮና ምስር ፒዩሪን አላቸው፣ እውነት ነው፣ ግን በጥናት ሲታይ የእህልና የአትክልቱ ፒዩሪን ጋውት ሲጨምር አልተገኘም። የጨመረው ሥጋና የባሕር ምግብ ነው፣ ወተትና እርጎ እንዲያውም ቀንሰዋል። ሽሮህን ብላ። መጠንቀቅ ያለብህ ዱለቱ ላይ ነው፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ። ሠርግ ላይ ዱለት በጠላ፣ ጥሬ በቢራ ማለት አንድ እሳት ላይ ሁለት ሰው ቤንዚን ሲያርከፈክፍ ነው። የሁዳዴው ጾምም እንዲያውም ያሳርፍሃል፣ የሚያስፈራኝ የፋሲካ ሌሊት ነው።

ደስ የሚልህን ልንገርህ ደሞ። ቡና በብዛት የሚጠጡ ሰዎች ላይ ጋውት አነስ ብሎ ነው የታየው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጣ፣ ስኳሩን ብቻ ቀነስ። ለወሎ ሰው ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ የለም።

ካቲካላ በልኩ (ጥር 28)

ይሄኛው ምክር ተስማምቶኛል።

መርሳ መንታ መንገድ (የካቲት 2)

ዘግይቼ መጣሁ ግን የኔን ሳልናገር አልሄድም። እኔ መጠጥ ጨርሶ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። አልኮል የለውም የተባለውን ቢራ ሳይቀር፣ ፒዩሪኑ አለበትና። ሪሁ ግን አልቆመም! በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣ ነበር። ሲመጣ ዲክሎፌናክ ነበር የምውጠው፣ መጨረሻ ላይ ጨጓራዬ ደምቶ ሆስፒታል ተኛሁ። እዛ ነው አንዲት ሐኪም «አንተ እኮ እሳቱን እያጠፋህ እንጨቱን ቤት ውስጥ እያከማቸህ ነው» ያለችኝ።

ዩሪክ አሲዱን የሚቀንስ መድኃኒት አለ፣ አሎፑሪኖል ይባላል። በየቀኑ የሚዋጥ ነው፣ ሲያም ብቻ የሚዋጥ አይደለም። በ100 ሚሊግራም ጀመርኩ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ሪሁ ብሶ መጣ። «ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ» ብዬ ወረወርኩት። ስህተቴ እሱ ነበር። ለካ የተከማቸው ክሪስታል መሟሟት ሲጀምር መጀመሪያ ላይ ሕመም ይቀሰቅሳል። ስመለስ ኮልቺሲን የምትባል ትንሽ ኪኒን አብራ ሰጠችኝ፣ ለስድስት ወር፣ በዝቅተኛ መጠን። እሷ ትንሽ ሆድ ታስሮጣለች፣ መጠኑን አትለፉ። አሎፑሪኖሉን በየጊዜው እየለካች ከፍ አደረገችው፣ ከ6 በታች እስኪወርድ። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው፣ ይሄን አስምሩበት።

አሁን 5.1 ነኝ። ከመጣብኝ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ያን ሁሉ ጊዜ በመጠጡ ብቻ ስቀጣ የኖርኩት ይቆጨኛል። መጠጡን ማቆሜ አይደለም የሚቆጨኝ፣ ማቆሙ ብቻውን በቂ መስሎኝ መቀመጤ ነው።

ላብራቶሪ ወልዲያ (የካቲት 2)

የመርሳው ወንድሜ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ባነበበው። አመጋገብና መጠጥ ማስተካከል ቁጥሩን የሚያወርደው ጥቂት ነው፣ 9.4 ላይ ያለ ሰው በእሱ ብቻ ከ6 በታች መግባቱ ያጠራጥራል። በተቃራኒው ደሞ ኪኒኑን እየዋጡ ማታ ማታ ስድስት ቢራ የሚያወርዱ አሉ፣ ከዛ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላሉ። ሹፌሩ፣ ሐኪምህ ኩላሊትህንም አይቶ ይወስን፣ ከዚህ መድረክ አንብበህ ፋርማሲ እንዳትሄድ።

የጦሳው ሹፌር (ሚያዝያ 20)

አለሁ። አሎፑሪኖል ከኮልቺሲን ጋር ጀምሬያለሁ። ሁዳዴን በሰላም ጨረስኩ። ፋሲካ ላይ ግን ነርሷ እንደፈራችው ሆነ። «ለዛሬ ብቻ፣ በዓመት አንዴ» እያሉ ሦስት ቢራ አስጠጡኝ፣ ዱለቱንም ትንሽ ቀመስኩ። በማግስቱ ጣቴ መጣ። የድሮውን ያህል አይደለም፣ ግን መጣ። ያስጠጡኝ ሰዎች አንዳቸውም ጭነቴን አልነዱልኝም።

የጦሳው ሹፌር (ሐምሌ 11)

ትናንት ተለካሁ፣ 5.8! ሐኪሙ በዚሁ ቀጥል፣ የሻልህ ሲመስልህ እንዳታቋርጥ ብሎኛል።

ጨብሲ ቀርቷል። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቼ «ሰለምክ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፣ አሁን ለምደውታል። ሚሌ ስወርድ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ጋቢና አስቀምጣለሁ፣ ረዳቴ ነው የሚሞላው፣ የሳቀባትን ዕዳ በዛ እየከፈለ ነው። ሽንት ለመሽናት በየቦታው ስንቆም ተሳፋሪ የጫንን ነው የምንመስለው። ቅዳሜ ዕለት ሌላ ሠርግ ነበረ። ጥሬ ሁለት ጉርሻ በላሁ፣ ቀሪቦ ጠጣሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ሌሊቱን እስከ ንጋት ተኛሁ። ሚስቴ ባትሪዋን አልጋው አጠገብ ማስቀመጥ ግን አልተወችም።

እቴቴ ጠላ (ሐምሌ 12)

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ሰሞኑን ሳነበው ከረምኩ። የኔም የቀኝ አውራ ጣት ባለፈው ክረምት ሁለቴ እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ ጫማዬ ነው ብዬ ጫማ ቀየርኩ። እኔ ቀምሼ ነው እንጂ ጠጥቼ አላውቅም፣ ግን ጠማቂ ሳይቀምስ አይሸጥም። ሴት ይይዛል እንዴ ይሄ ነገር?

የቃሉ ነርስ (ሐምሌ 12)

ይይዛል እቴቴ። ወጣት ሴትን ሆርሞኗ ዩሪክ አሲዱን በሽንት እያስወጣ ይከላከልላታል፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ያ ጥበቃ ይቀራል። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱና ይመርመሩ። ስንት ይቀምሳሉ ቢሉዎት ደሞ እውነቱን ይንገሯቸው።

እቴቴ ጠላ (ሐምሌ 12)

የግፊት አለኝ፣ ሁለት ዓይነት። ነገ ገበያ ነው አልችልም፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሹፌሩ፣ ስትመለስ እለፍ፣ ቡና አፈላልሃለሁ።